ያለ መድኃኒት ምጥን ማቅለል፦ ፊዚዮቴራፒ እውነት ይረዳል ወይስ ወሬ ነው?

የበኩር_እናት፦

ሰላም እህቶች (ወንድሞችም ካላችሁ)። 34 ሳምንት ሞልቶኛል፣ የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ክትትሌ ጥሩ ነው፣ ግፊትም ስኳርም የለብኝም፣ ልጁም በጭንቅላቱ ዞሯል ብለውኛል። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ብዙም አልፈራሁም ነበር። ከዚያ የአክስቴን ልጅ አራስ ጥየቃ ሄድኩና ገንፎው ሳይበርድ ሁሉም የየራሱን ምጥ ማውራት ጀመረ። አንዷ ሁለት ቀን አማጥኩ ትላለች፣ ሌላዋ ሐኪሙን ነከስኩት ትላለች፣ አክስቴ ደግሞ "ማርያም ማርያም ከማለት ሌላ ምን መላ አለው" ብላ ዘጋችው። እንቅልፍ አጣሁ።

የምወልድበት ሆስፒታል ኤፒዱራል የሚሉት የምጥ ማደንዘዣ የለም። ቢኖርም ወገቤ ላይ መርፌ የሚባለው ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። ግን ዝም ብዬ ተኝቼ መጮህ ብቻ ነው ወይ ያለኝ አማራጭ? አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄዳ ለምጥ የሚሆን ነገር እንዳስተማሯት ነገረችኝ። ስለ ኳስ፣ ስለ ማሳጅ፣ ወገብ ላይ ስለሚለጠፍ ነዘር የሚያደርግ ማሽን። እኔ ፊዚዮቴራፒ የሚመስለኝ ስትሮክ ለመታው ሰውና ለተሰበረ እግር ብቻ ነበር።

እና እውነት ይሠራል? ወይስ የሀብታም ቅብጠት ነው? የሞከራችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ። ባለቤቴ አብሮኝ ይግባ አይግባ ገና አላወቅንም፣ እሱም "እኔ ምን ላድርግ" እያለ እየዞረ ነው። አሁን ራሱ ወገቤንና ዳሌዬን ያመኛል፣ በተለይ አልጋ ላይ ስገላበጥ።

ሦስት_ወልጄ፦

ማርያም በሽልም ታውጣሽ የኔ እናት። አራስ ቤት የሚወራውን ምጥ አትስሚ፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ ወሬ በተወራ ቁጥር ይረዝማል 😄

የመጀመሪያዋን ስወልድ ሌሊቱን ሙሉ በጀርባዬ ተኛሁ። ተኚ ያለኝ የለም። አልጋ ሰጡኝ፣ ሰው ደግሞ አልጋ ሲሰጡት ይተኛል። ምጡ በመጣ ቁጥር የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጥርሴን ነክሼ፣ በማግስቱ ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወልቅ አለኝ። ከምጡ ይልቅ መንጋጋዬን አመመኝ ብልሽ ታምኛለሽ?

ሁለተኛውን ስወልድ ጤና ጣቢያ ነበር። አዋላጇ ገና ስገባ "ምን ልትሠሪ ትተኛለሽ፣ ኮሪደሩ ያንቺ ነው" አለችኝ። ምጡ ሲይዘኝ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ክንዴን አስደግፌ ጎንበስ እላለሁ፣ ወገቤን ግራ ቀኝ አወዛውዛለሁ፣ እናቴ ከኋላ ወገቤ ላይ በመዳፏ ትጫንልኛለች። ሲለቀኝ እራመዳለሁ። ሕመሙ ቀነሰ? እውነቱን ካልሽ ያው ነው። ግን የመጀመሪያው በላዬ ላይ የወደቀ ግድግዳ ነበር፣ ሁለተኛው ዳገት ነው። ዳገት ይደክማል እንጂ አይደፈጥጥሽም።

እናቴ ደግሞ ምን አለች መሰለሽ፣ "እኛ እኮ ተንበርክከን ነው የወለድነው፣ ተኝቶ መውለድ የመጣው በናንተ ጊዜ ነው"።

ፊዚዮው፦

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ላለፉት ጥቂት ዓመታት አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ናቸው። ትንሽ ልዘርዝር፣ ከረዘመባችሁ ዝለሉት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ፊዚዮቴራፒ ምጥን አያጠፋም። ያለ ሕመም አስወልድሻለሁ የሚል ሰው ካጋጠመሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። እኛ የምንሠራው ሕመሙን የሚሻማ ነገር ለሰውነትሽ መስጠት፣ ሰውነትሽ እንዳይኮማተር ማለማመድና ልጁ የሚወርድበትን ቦታ ማስፋት ነው።

የማህፀን በር እየተከፈተ ሳለ ሕመሙ የሚገባው ከታችኛው ጀርባሽና ከወገብሽ መጀመሪያ ላይ በሚነሱ ነርቮች ነው። ማህፀን ሆድ ውስጥ ሆኖ ሳለ ወገብ የሚቆርጠው ለዚህ ነው። በመጨረሻው ሰዓት፣ ልጁ ወደ ታች ሲገፋ፣ ሕመሙ ወደ መቀመጫና ወደ ብልት አካባቢ ይወርዳል፤ ያ መንገድ ደግሞ ከጭራ አጥንት በላይ ካለው ጠፍጣፋ አጥንት በሚወጡ ሌሎች ነርቮች ነው። በፈረንጆቹ 1965 ሜልዛክና ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አከርካሪ ውስጥ ለሕመም እንደ በር የሚሆን ነገር አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የመታሸትና የመዳሰስ ስሜት በብዛት ሲገባ የሕመሙ መልእክት በሩ ላይ ይጠብበታል። ክርንሽ ከጠረጴዛ ሲጋጭ ሳታስቢው የምታሺው አይደል? እሱ ነው።

በማሽኑ ልጀምር፣ ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ስለሆነ። ቴንስ ይባላል። አራት ልጣፎች አሉት፤ ሁለቱ የጡት መያዣሽ ማሰሪያ ካለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ በአከርካሪሽ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱ ታች ወገብሽ ላይ ጎድጎድ ያሉት ሁለት ቦታዎች አጠገብ። ቀስ ያለ ነዘር ያደርጋል፣ ምጡ ሲመጣ ታጠነክሪዋለሽ፣ ሲለቅ ትቀንሺዋለሽ። ሆድ ላይ አይለጠፍም። ውሃ ውስጥ ወይም ሻወር ሥር አይደረግም። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለላት ወይም የሚጥል በሽታ ያለባት ሐኪሟን ሳታማክር አትንካው። ከ37 ሳምንት በፊትም ለምጥ ብለሽ አትጠቀሚበት። ይሠራል ወይ? ጥናቶቹ ደካማ ናቸው፣ አልዋሽሽም። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እንዲያውም ምጥ ከፋመ በኋላ አይሰጥ ይላል። ግን ቤት ውስጥ ገና ሲጀምር የተጠቀሙበት ብዙ ሴቶች ሌላ ጊዜም እንጠቀምበታለን ይላሉ። የማጠንከሪያው ቁልፍ እጃቸው ላይ መሆኑ ራሱ የሚረዳ ይመስለኛል። ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽ አትቆጪ።

ከማሽኑ ይልቅ የማምነው በመንቀሳቀስ ነው። በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ ቆመው፣ ተቀምጠው፣ እየተራመዱ የቆዩ ሴቶችን ተኝተው ከቆዩት ጋር ያነጻጸሩ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ የቆሙት ምጥ በአማካይ ከአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ አጥሯል። ኤፒዱራል የሚጠይቁትም ቀንሰዋል። በጀርባ ስትተኚ ማህፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ የጭራ አጥንትሽም ፍራሹ ላይ ይያዛል። ስለዚህ ተራመጂ፣ ግድግዳ ተደገፊ፣ ሲደክምሽ በግራ ጎንሽ ተኚና በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ። ምጡ ወገብሽ ላይ ብቻ ከሆነ (ልጁ ጀርባውን ወደ ጀርባሽ ሰጥቶ ሲሆን ነው የሚበዛው) በእጅና በጉልበትሽ ሁኚ፣ ለስግደት እንደወደቀ ሰው። ብዙዎች ወዲያው እፎይ ይላሉ።

ትንፋሽ ደግሞ አለ። ትኩስ ቡና በስኒ ይዘሽ ስታቀዘቅዢ እንዴት ነው የምትነፊው? እንደዚያ፣ ቀስ ብለሽ፣ በለሰለሰ ከንፈር። በአፍንጫ አራት ቆጥረሽ ታስገቢያለሽ፣ በአፍ ስድስት ቆጥረሽ ታወጫለሽ። አንድ ምጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፣ በዚህ አተነፋፈስ ስድስት ትንፋሽ ማለት ነው። "አንድ ደቂቃ ቻይ" ከመባል "ስድስት ትንፋሽ" ይቀላል። ቶሎ ቶሎ ከተነፈስሽ ጣቶችሽና ከንፈርሽ ይደነዝዛሉ፣ ራስሽ ይዞራል፤ ያኔ ምጡ ሳይሆን ትንፋሽሽ ነው ያስቸገረሽ።

ስለ አክስትሽ ደግሞ አንድ ነገር። "ማርያም ማርያም" ያሉት ቀልድ አይደለም። "ማር... ያ... ምምም" ብለሽ በአንድ ረጅም ትንፋሽ ካወጣሽው እኔ በክፍያ የማስተምረው ነገር ነው። ዚክር የሚያደርጉ እናቶችም እንደዚያው፣ ቃሉ ሲረዝም ትንፋሹም ይረዝማል፣ ትከሻቸው ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ቃሉን ቆራርጠሽ ወደ ላይ ከጮህሽው ግን አንገትሽ ይገተራል፣ ታችሽም አብሮ ይጨመደዳል።

ለአሁኑ የዳሌ ሕመምሽ፦ ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን አጋጥመሽ፣ ትከሻና ዳሌሽን በአንዴ አዙሪ። እግር አነባብረሽ አትቀመጪ። ሱሪ ስትለብሺ ተቀምጠሽ ይሁን። መቀነት አለሽ? ሆድሽ ላይ ሳይሆን ዝቅ አድርገሽ ዳሌሽ ላይ፣ ከጭንሽ መጋጠሚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪው። አያቶቻችን የሚያስሩት ወገባቸው ላይ ነው፣ አንቺ ትንሽ አውርጂው። ካልተሻለሽ በአካል ታዪ።

ሜላት_ነኝ፦

ይቅርታ ግን እኔ ይሄ ነገር ትንሽ ያናድደኛል። ቂጥ ላይ ለወጣ እባጭ እንኳ ማደንዘዣ የሚጠይቅ ሕዝብ ምጥ ላይ ሲደርስ "ተንፍሺ" ይላል። አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ኤፒዱራል ይሰጣሉ። እኔ ወስጃለሁ፣ ተኝቼ ነው የቀረውን የጨረስኩት፣ ልጄም ጤነኛ ነው። ያለ መድኃኒት ወልዳ ሜዳሊያ የተሰጣት አላየሁም። አቅሙ ካለሽ ቦታ ቀይሪ።

ፊዚዮው፦

ሜላት ልክ ነሽ፣ ሜዳሊያ የለም። ኤፒዱራል የፈለገች ትውሰድ፣ እኔም አልቃወምም። ግን ኤፒዱራሉ እስኪመጣ ድረስ ያሉት ሰዓታትስ? ከተወሰደ በኋላም ቢሆን ጎን እየቀየሩ መተኛት፣ በጉልበቶች መሀል የኦቾሎኒ ቅርጽ ያለው ኳስ ማስገባት የሚባል ነገር አለ። ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም። ደግሞ ጠያቂዋ የለም ብላለች እኮ።

የበኩር_እናት፦

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ! መቀነቱን ዛሬ ሞከርኩት፣ ከእናቴ ሳጥን ነው ያወጣሁት፣ ትናንት ማታ ስገላበጥ እንደነበረው አይደለም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ኳሱ የትኛው መጠን ነው? እና ባሌ አብሮኝ ከገባ ማሳጅ የሚሉት የት የት ነው? ባለፈው ልሞክር ብሎ ትከሻዬን ሲያሸኝ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ፊዚዮው፦

ዶክተር አይደለሁም 😅 ኳሱ ለመካከለኛ ቁመት 65 ሴንቲ ሜትር፣ አጭር ከሆንሽ 55 ይበቃሻል። ስትቀመጪ ዳሌሽ ከጉልበትሽ እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ማለት አለበት፣ እግርሽ መሬት ይርገጥ። ካልሲ አድርገሽ ሴራሚክ ላይ አትቀመጪበት፣ ያንሸራትታል። መጀመሪያ ሰው ይያዝሽ። ለባለቤትሽ የሚሆነውን ያሳለፈው ሰው ቢነግረው ይሻላል።

የፍራንክፈርቷ፦

እኔ ጀርመን ነው የወለድኩት። እዚህ የወሊድ ዝግጅት ኮርስ 14 ሰዓት በጤና መድኅኑ ይሸፈናል፣ የባል ግን ብዙ ጊዜ በኪስ ነው። ጀርመንኛዬ ገና ነበርና ግማሹን በምልክት ነው የተማርኩት። ሌሎቹ ሴቶች "አሁን ዳሌያችሁን አላሉ" ሲባሉ ያላላሉ፣ እኔ ደብተሬን እፈልጋለሁ 😂

ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ገመድ አለ፣ ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል፣ ይዘሽው ትንጠለጠያለሽ። ኳስ አለ፣ ትልቅ ገንዳ አለ። እኔን የሞቀው ውሃ ነው ያዳነኝ። ገንዳ ውስጥ ስገባ ሰውነቴ የእኔ ሆነ። ሙቅ ውሃ ውስጥ መቆየት የኤፒዱራል ጥያቄን እንደሚቀንስ አዋላጇም ነግራኛለች (እዚህ ፔዴአ ይሉታል)። አገር ቤት ገንዳ የት አለ ትዪኛለሽ፣ ልክ ነሽ፣ ግን ቤትሽ ገና ሲጀምርሽ ሻወር ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ውሃውን ወገብሽ ላይ ማፍሰስ ትችያለሽ። መብራት ካለ 🙄 ከሌለ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ወገብሽ ላይ። እንዳያቃጥልሽ መጀመሪያ ሌላ ሰው በክንዱ ይሞክረው፣ በምጥ ሰዓት ሙቀቱን ራስሽ አትለዪውም።

ደግሞ ጋቢ! አዋላጇ ረጅም ጨርቅ ከሆዴ ሥር አዙራ፣ እኔ በእጅና በጉልበቴ ሆኜ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ እንደ ወንፊት ቀስ ብላ ነቀነቀችኝ። የሜክሲኮ ሴቶች ዘዴ ነው አሉኝ። እኔ ግን ሻንጣዬ ውስጥ እናቴ የላከችልኝ ጋቢ ነበር፣ እሱን አወጣሁላት። ደስ አላት፣ የእናንተ ይሻላል አለችኝ፣ አይንሸራተትም። ይሄን ግን የሚያውቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው፣ ጎረቤት አያወዛውዝሽ።

የሁለት_አባት፦

ወንድም አለ ብለሻል፣ አለሁ። ለባለቤትሽ አሳልፊለት።

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ስልክህን አስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ትከሻ ማሸት እርሳው፣ ወገብ ነው። ምጡ ሲመጣ እሷ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትደገፋለች። አንተ ከኋላዋ ሁን፣ የመዳፍህን ወፍራም ክፍል፣ ከአንጓህ አጠገብ ያለውን፣ ከመቀመጫዋ መሰንጠቂያ ከፍ ብሎ ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አድርገህ ተጫን። አታሽ፣ ተጫን። መኪና እንደምትገፋ ሁን፣ በጡንቻህ ሳይሆን በክብደትህ። እኔ መጀመሪያ ፈርቼ በስሱ ስነካት "ወይ ተጫን ወይ ተወኝ!" አለችኝ። ልክ ቦታውን ስታገኘው ድምፅዋ ይለወጣል፣ ያኔ አትልቀቅ።

ሌላው፣ ሁለት መዳፍህን ዳሌዋ ጎንና ጎን ላይ አድርገህ ወደ መሀል መጭመቅ ነው። ይሄ ደግሞ አድካሚ ነው። አምስት ሰዓት ሙሉ በየአራት ደቂቃው ጨምቄ በማግስቱ ስኒ ማንሳት አቃተኝ፣ እሷ ግን ስታወራው "እሱ እዚያው ነበር" ብቻ ነው የምትለው። አውራ ጣትህን አትጠቀም፣ ትጎዳዋለህ። ሁለት የቴኒስ ኳስ ካልሲ ውስጥ ከተህ ብትጫን እጅህ ያርፋል።

አታውራ። "አይዞሽ ሊያልቅ ነው" አትበል፣ እንደማያልቅ ታውቃለች። ምጡ ሲለቃት ውሃ ስጣት፣ ሽንቷን እንድትሸና በየሁለት ሰዓቱ አስታውሳት። አንዴ ደግሞ "አትንካኝ" ልትልህ ትችላለች፣ አትቀየም፣ እጅህን አንስተህ እዚያው ቁም።

መግባት ግን ፈተና ነው። በመጀመሪያው ልጅ በር ላይ አስቀሩኝ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጩኸት ሲመጣ "የእሷ ነው? የእሷ አይደለም?" ስል አደርኩ። ሁለተኛው ላይ ቀድመን ሄደን ጠየቅን።

አዋላጅ_ነኝ፦

ከአዲስ አበባ ውጪ ጤና ጣቢያ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ደስ የሚል ውይይት ነው፣ ግን የእኛንም ወገን ስሙ። ሌሊት ሦስት ወላድ በአንዴ ለአንድ ሰው ስትሆን "ተኚ" የምንለው ክፋት ይዞን አይደለም፣ የት እንዳለሽ ለማወቅ ነው። የልጁን የልብ ምት ቢያንስ በየግማሽ ሰዓቱ ማዳመጥ አለብን። ስለዚህ "መራመድ እፈልጋለሁ፣ ለመለኪያ እመለሳለሁ" ካልሽኝ እኔ በደስታ ነው። የምናጣው ተነጋግሮ የሚሠራ ወላድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው መመሪያ ወላድ የምትፈልገው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ እንድትንቀሳቀስ፣ ማሳጅና ሙቅ ጨርቅ እንዲደረግላት ይመክራል። የፋመው ምጥ የሚጀምረው ማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ነው የሚለውም ከዚያ ነው። ይሄ ላንቺ ምን ማለት ነው፣ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ገብተሽ ስትተኚ "ለምን አልሄደም" እያልሽ መጨነቅ የለብሽም። ችግር ከሌለብሽና ቤትሽ ቅርብ ከሆነ የመጀመሪያውን ክፍል ቤትሽ፣ እየበላሽ እየጠጣሽ ማሳለፍ ይቻላል። ሩቅ የሆነች ግን አትጠብቅ። ለዚያ ነው ጤና ጣቢያ ላይ የእናቶች ማቆያ ያለው፣ ገንፎውም ቡናውም እዚያው አለ።

ሆድ ላይ ግን ማንም እንዳይጫንሽ። ወገብ ሌላ፣ ሆድ ሌላ። መንደር ውስጥ "ልጁን ላስተካክል" ብለው ሆድ በቅቤ የሚያሹ አሉ፣ ከላይ ሆኖ ልጁን ወደ ታች መግፋትም አለ፣ ሁለቱንም እምቢ በይ። እኛ ጋ ባለሙያም ቢሆን እንዲገፋ አይመከርም።

በመጨረሻው ሰዓት ሙቅ እርጥብ ጨርቅ ብልትና መቀመጫ መሀል ላይ ቢያዝልሽ ከባድ መቀደድን ይቀንሳል። ቴርሞስ ሙቅ ውሃና ንጹህ ጨርቅ ይዘሽ ነይ፣ እኛ ሁልጊዜ አይኖረንም። ከ35 ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በንጹህ ዘይት ያንን ቦታ ራስሽ በጣትሽ ቀስ አድርገሽ መለጠጥ ትችያለሽ፣ ለመጀመሪያ ልጅ በተለይ ስፌት የመስፋት ዕድልን ይቀንሳል። ያሳፍራል፣ አውቃለሁ፣ በር ዝጊ።

እንሽርት ውሃሽ አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም በብዛት ከፈሰሰሽ፣ ልጁ እንደወትሮው መንቀሳቀስ ካቆመ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ ግን ኳሱንም ትንፋሹንም ትተሽ ቀጥ ብለሽ ወደ ሆስፒታል።

የበኩር_እናት፦

እሺ እሺ፣ ሁሉንም ጻፍኩት። ባሌ "መኪና እንደምትገፋ" የሚለውን ካነበበ ጀምሮ በየማታው ልለማመድብሽ ይላል። ነገ ሆስፒታሉ ሄደን አብሮ መግባት ይቻል እንደሆነ እንጠይቃለን። ማሽኑን ተውኩት።

የበኩር_እናት፦

(ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ማርያም ማረችኝ! 39 ሳምንት ከ4 ቀን ላይ ወንድ ልጅ፣ 3 ኪሎ ከ200። ቃል ገብቼ ስለነበር አራሴ ሳይወጣ ልጻፍ፣ ልጁ ጡቴ ላይ ነው፣ በአንድ እጅ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉን ይቅር በሉኝ።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጀመረኝ። ቤት ውስጥ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት በጣም ጥሩ ነበርኩ፣ ኳሱ ላይ ተቀምጬ አልጋው ላይ ተደፍቼ፣ ሃይላንዱ ወገቤ ላይ። በምጦቹ መሀል እንቅልፍ ሁሉ ወስዶኛል። ስድስት ትንፋሽ የሚለው ነገር ዶክተር (ማለቱን ልተወው አልችልም) በትክክል ሠርቶልኛል። ብዙውን ጊዜ አምስተኛው ላይ መውረድ ይጀምራል።

ሆስፒታል ስንደርስ ዘበኛው "ኳስ ወደ ውስጥ አይገባም" አለ። ባለቤቴ አስረዳ፣ ለመነ፣ "ለምጥ ነው" አለው። ዘበኛው ኳሱን አየ፣ እኔን አየ፣ "ምጥ ላይ ኳስ ትጫወታለች?" አለ። እኔ በሩ ላይ ምጥ ይዞኝ ስለነበር ሳቅም ለቅሶም አልወጣኝም። እሱ ጋ ትተን ገባን። ባለቤቴን ግን አስገቡት፣ ቀድመን መጠየቃችን ጠቀመን፣ ከሌሎቹ ወላዶች መጋረጃ አድርገውልናል።

እውነቱን ንገሩኝ ብዬ ነበርና እኔም እውነቱን ልንገራችሁ። ጠዋት ላይ ምጡ ቀዘቀዘና የምጥ መርፌ በግሉኮስ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ነው። ያዝ ለቀቅ የሚለው ነገር ጠፋ፣ መለቀቂያው አጠረ፣ ግሉኮሱ ስላለ መራመድም አልቻልኩም። ትንፋሹን ረሳሁት። ጮህኩ፣ በደንብ ጮህኩ። አዋላጇ በግራ ጎኔ አስተኛችኝና ጆሮዬ ሥር ሆና "ምምም በይ፣ ከእኔ ጋር" አለችኝ። ሁለታችን እንደ ንብ ስንል ባሌ ወገቤን ይጫናል። ኤፒዱራል ቢኖር በዚያ ሰዓት እወስድ ነበር፣ ሜላት እውነትሽን ነው። ግን ባልለማመድ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ቴርሞሱን ይዤ ነበር፣ ጨርቁን አድርገውልኛል፣ ሁለት ስፌት ብቻ ነው።

ባለቤቴ አሁንም አንጓውን ያመዋል። ለጠያቂ ሁሉ የሚያሳየው ልጁን ሳይሆን እጁን ነው።

ቃልኪዳን_30ሳምንት፦

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ሁሉንም አነበብኩት። እኔ 30 ሳምንት ነኝ። ኳሱን የት ገዛሽው? አሁን ካላስፈለገሽ ትሸጪልኛለሽ?

የበኩር_እናት፦

ስታዲየም አካባቢ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ነው፣ 65 ያለውን ጠይቂ፣ መንፊያውን አብረው ይስጡሽ። የኔን ብሸጥልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ባለቤቴ ስንወጣ ሊያመጣ ሲሄድ ዘበኛው ተቀምጦበት አገኘው። "ሌሊቱን ስቆም የሚያመኝ ወገቤ እኮ ተሻለኝ" ሲለው ትቶለት መጣ።